ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ጾመኛ

ሰው በገዛ ሱቁ፣ ራሱ ባሠራው ባንኮኒ ላይ፣ እንደ ሌባ ማስታወቂያ ሲወጣበት ምን ይላል? ወይዘሮ ተናኘወርቅ የሚሉትን ማግኘቱ ቀርቶ፣ ማስታወቂያው ስለ እሳቸው መሆኑን እንኳ ያወቁት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት ልጃቸው ፈቀደ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲጣደፍ ጎራ አለ፤ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ወረቀት ስክሪኑ ግንባር ላይ ለጠፈ። «እማዬ፣ ዛሬ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ከሰዓት መጥቼ አየዋለሁ» ብሎ ወጣ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም። የዋጋ ማስታወቂያ መስሏቸው ዝም አሉት።

በኋላ አጽብሐ መጣ። አጽብሐ ከፒያሳ አምስት ኪሎ የሚጭን የታክሲ ሾፌር ነው፤ ለጾሙ መዝሙር ሊያስጭን ፍላሹን ይዞ ነበር የመጣው።

«እስቲ ይቺ ወረቀት ምን እንደምትል አንብብልኝ» አሉት።

አጽብሐ በልቡ አነበበና ጉሮሮውን ጠረገ። «ምንም አትልም፣ ማዘር።»

«ምንም የማትል ወረቀት ማን ይለጥፋል? ድምፅህን አውጥተህ አንብብ!»

«‹ማሳሰቢያ› ትላለች።»

«እሺ።»

«‹እናቴ ይህንን ኮምፒውተር እንዳትነካ ደንበኞቻችን እንድትተባበሩን በትሕትና እንጠይቃለን።›»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከወረቀቷ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ ወረቀቷ አዩ።

«በትሕትና ነው ያለው እኮ» አለ አጽብሐ፣ ነገሩን ያለዘበ መስሎት።

«በትሕትና!» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ። «አርባ ዓመት እዚህ ባንኮኒ ጀርባ ስቆም እጅሽን ሰብስቢ ያለኝ የለም። በዚያ በክፉው ቀን የቀበሌ ሊቀ መንበሩ እንኳ ሽጉጡን ታጥቆ እየገባ ‹እባክዎ› እያለ ነበር ካሴት የሚያስቀዳ። ይሄ እኔ አዝዬ ያሳደግሁት ደግሞ ለታክሲ ሾፌር አደራ ሰጠብኝ!»

«ታዲያ የኔን መዝሙር ማን ሊጭንልኝ ነው?»

«ወረቀቱ ኮምፒውተሩን አትንኪ አለ እንጂ ማውሱን አትንኪ አላለም» አሉና ጫኑለት። ለመጫን ማንበብ አያስፈልጋቸውም፤ ሁሉን በቦታውና በሥዕሉ ያውቁታል። መዝሙሩ ከላይ በቀኝ ነው፣ ዘፈኑ ከበታቹ፣ ከሥር የሚታየው፣ የሚጠፋ ነገር የሚጣልበት ቅርጫት ደግሞ የማይነካ ነው። ቅርጫቱን አይነኩም። ሰው የሚያማቸው ደግሞ በእሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህን ሙዚቃ ቤት የከፈቱት ከነፍስ ኄር ሐጂ ቡሽራ ጋር በሽርክና ነው። አንዱ ሱቅ እዚህ ፒያሳ የእሳቸው፣ ሌላው አምስት ኪሎ የሐጂ፤ አሁን የሐጂ ልጅ ሶፊያ የያዘችው። ካሴት ሲሞት ባልንጀሮቻቸው ሁሉ ጫማና ሽቶ ወደመሸጥ ሲገቡ፣ እነሱ ያላቸውን ካሴት በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ገለበጡ። ሁለት ዓመት ፈጀ። ፈቀደ ለሰው ሲያወራ «እኔ ነኝ የገለበጥኩት» ይላል። እሱ የተጫነው አንዲት ቁልፍ ነው። የትኛው ካሴት ሙቀት እንዳጠመመው፣ የትኛው ዘፈን መሐል ላይ የጎረቤት ዶሮ እንደጮኸበት፣ የትኛው ክር በእርሳስ ተጠምጥሞ ካልጠበቀ እንደማይዘፍን ማን ነገረው? ግልበጣው ሲያልቅም «እማዬ፣ ቦታ ይይዛል» ብሎ ካሴቱን በስድስት ማዳበሪያ አድርጎ ለቆራሌ ሰጠው። ቆራሌው ራሱ «ይሄ ሁሉ?» ብሎ አዘነላቸው።

ባለፈው መስከረም ደግሞ ፈቀደ ሦስት ኮምፒውተር አያያዘ፤ የፒያሳውን፣ የአምስት ኪሎውን፣ ሦስተኛ እሱ በየሄደበት ይዞት የሚዞረውን ላፕቶፕ። ሲንክ ይለዋል።

«ከእንግዲህ ሦስት መደርደሪያ የለም፤ አንድ ነው» አለ ያን ቀን ደረቱን ነፍቶ። «እዚህ ያስገባሽው እዚያ ይገኛል።»

«እዚያ ያነሱትስ ከዚህ ይነሣል?» ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ተናኘወርቅ።

ፈቀደ ሳቀ። «ማን ያነሣል፣ እማዬ? ዝም ብለሽ ሽጪ።»

ያልተማረ ሰው ጥያቄ ሁልጊዜ ያስቃል። መልስ ግን አይሰጠውም።

በካሴቱ ዘመን በዐቢይ ጾም ዋዜማ የዘፈኑ መደርደሪያ በነጭ ጨርቅ ይሸፈን ነበር። ሐጂም ረመዳን ሲገባ እንዲሁ ያደርጉና አምስት ኪሎ በመንዙማ ይከርማል። ዘንድሮ ሁለቱ ጾም ተከታትለው ገቡ። ስለዚህ አንድ ወር ሙሉ፣ ፒያሳም አምስት ኪሎም፣ ዘፈን የሚለውን ፎልደር የከፈተ ሰው የለም። ትናንት እሑድ ነው፣ ለኢድ ማግሥት ሠርግ ዘፈን ፈልጎ አንድ ሰው ሶፊያ ጋ የመጣው። ሶፊያ ፎልደሩን ብትከፍት ባዶ። ዛሬ ጠዋት ፈቀደ የፒያሳውን ቢከፍት እሱም ባዶ። ስድስት ሺህ ዘፈን ድራሹ ጠፋ። ከዚያ ውስጥ የታወቀው የታወቀ ነው፣ ከሌላ ቤትም ይገኛል። ሐጂ ቴፕ ተሸክመው ወሎ ድረስ እየሄዱ ከየሠርጉ የቀዱት አራት መቶ የሚሆነው ግን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ክሩም ቆራሌ ጋ ሄዷል።

ሶፊያ ፈቀደን ስትጠይቀው የራሱን ላፕቶፕ እንኳ ሳይከፍት ፈረደ። «እማዬ ናት። ቅርጫቱ ውስጥ ጥላዋለች፣ ሌላ ማን አለ?»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ይህን የአምስት ኪሎ ወሬ ከአጽብሐ አፍ ሰምተው ሸኙትና ስልኩን አነሡ።

«ሶፊዬ፣ አንቺም እኔ ነኝ ብለሽ አምነሻል?»

«ኧረ እትዬ ተናኜ፣ ወላሂ እኔ…» አለች ሶፊያ፤ ድምፅዋ ግን ማመኗን ትንሽ ያሳብቅ ነበር። «ተሳስተው ሊሆን ይችላል ብዬ ነው እንጂ።»

«እሺ፣ ተሳስቼ ይሁን። መቼ ነው የተሳሳትኩት? ያ ማሽን ሁሉን ይጽፋል ትሉ የለም? ተመልከችልኝ።»

ሶፊያ ለጥቂት ጊዜ ስትነካካ ቆየች። «የተጣለው ሁሉ ዝርዝሩ አለ። ቀኑ… የእናንተ ቅበላ እሑድ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።»

«ቅበላ! ከቅርጫቱ ይወጣል ወይስ ተበላ?»

«ይወጣል። ግን ሠላሳ ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው፣ ከዚያ ለዘለዓለም ይጠፋል።» ሶፊያ ቀኖቹን ድምፅዋን አውጥታ ስትቆጥር በስልክ ተሰማ። «እትዬ ተናኜ፣ ሠላሳው ነገ ይሞላል!»

«አውጪው ታዲያ!»

«የማውጫው ፓስወርድ ፈቀደ ጋ ነው። ‹ለጥንቃቄ› ብሎ ለኔ አልሰጠኝም።»

ስልኩን ዘጉና ተቀመጡ። ቅበላ እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት። እሑድ ሱቁ አይከፈትም፤ ማሽኑም ከግድግዳው ተነቅሎ ነው የሚያድረው፣ እሳት የሚፈሩ ሰው ናቸው። አምስት ኪሎም ዝግ ነበር፤ ሶፊያ ያን ቀን የረመዳን አስቤዛዋን ስትሸምት ነው የዋለችው። ታዲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳቸው የት ነበሩ? ቤታቸው። የቅበላ ክትፎ ቀርቦ። ፈቀደ ሁለት ጣባ ጨርሶ፣ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ያችን ላፕቶፕ ሆዱ ላይ አስቀምጦ…

ወይዘሮ ተናኘወርቅ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ትዝ አላቸው። «ዘንድሮስ እንደ ሰው ልጹም ብያለሁ፣ እማዬ» ነበር ያለው። «ንስሐ አባቴ ዘፈን ከአጠገብህ አርቅ ብለውኛል። ይኸው፣ አራቅሁ።» እሳቸው ደግሞ ምን አሉ? «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ተባረክ» አሉት። ሲያጠፋው ፊቱ ተቀምጠው መረቁት!

እውነቱን ለመናገር ይህቺኛዋ ትንሽ አሳፈረቻቸው። ምርቃቷን ግን ለማንም ላለመናገር ወሰኑ።

ፈቀደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከረባቱን እያላላ ገባ። ከኋላው አጽብሐም ተከትሎ ገባ። ፍላሹ ደህና ነው፤ የመለሰው ወሬው አላስቀምጥ ብሎት ነው።

«ነክተሻል?» አለ ፈቀደ ገና ከበሩ።

«በትሕትና ተከልክዬ እንዴት እነካለሁ?»

ፈቀደ አጽብሐን በዓይኑ ገላመጠና ወንበሩን ሳበ። «እማዬ፣ አትቆጪ። በዕድሜሽ ያለ ሰው ሁሉ ይሳሳታል። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ማውሱ ይንሸራተታል፣ ሳያውቁት ቅርጫት ውስጥ ይገባል። እንዲያውም ከፋሲካ በኋላ ቤትሽ ብታርፊ፣ ሱቁን ደግሞ ሰው…»

«እጄ አይንቀጠቀጥም። እሱን ተወውና አንድ ነገር ንገረኝ። ቅበላ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርኩ?»

«ቤት ነዋ። ክትፎ አብልተሽን።»

«ማሽኔስ?»

«እዚህ።»

«ተሰክቶ ነው?»

«አንቺ መች ትሰኪዋለሽ…» አለና ዓይኑን ወደ ግድግዳው መሰኪያ ወረወረ።

«ዘፈኑ የተጣለው ያን ቀን፣ ያን ሰዓት ነው። ሶፊያ ከማሽኑ ላይ አንብባ ነገረችኝ። አንተ ያን ጊዜ ሆድህ ላይ ምን ነበር?»

«ክትፎ» አለ አጽብሐ ከበሩ ሥር።

«አንተ ዝም በል፣ ቆይ! ፈቀደ፣ ተናገር።»

የፈቀደ ፊት እንደ በርበሬ ቀላ። «እኔ እኮ ከራሴ ላይ ብቻ ነው… ከፋሲካ በኋላ ከሱቁ መልሼ ልገለብጥ…» አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሦስቱን አንድ መደርደሪያ ያደረገው ማን እንደሆነ ያስታወሰው ገና ያን ጊዜ ነው።

«ጾሙ ሃምሳ አምስት ቀን ነው» አሉ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ቀስ ብለው። «ቅርጫትህ ሠላሳ ቀን ነው። ይህን አስቀድሞ መቁጠር የማን ሥራ ነበር? የኔ የመሐይሟ ነው?»

ፈቀደ ወደ ማሽኑ ዞሮ በጥድፊያ መነካካት ጀመረ። አጽብሐ አንገቱን አስግጎ ያያል። ወይዘሮ ተናኘወርቅም ቢቆጡም ዓይናቸውን ከማሽኑ አልነቀሉም፤ የሐጂ ሠርጎች እዚያ ቅርጫት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ቀርቷቸው ተኝተዋል።

«አገኘሁት!» አለ ፈቀደ። «ሁሉም አለ። ይመለሳል፣ እማዬ፣ አንድም አልጎደለም!» ላቡን ጠረገ፤ ወዲያው ድምፁም የድሮው ሆነ። «ስሚ፣ ነገሩን አናካብደው። ለሶፊያ ‹ሲስተሙ ላይ ቴክኒካል ችግር ነበር› እላታለሁ። ያንቺም ስም አይነሣ፣ የኔም አይነሣ። አለቀ።»

«የኔማ ተነሥቷል። አምስት ኪሎ ድረስ ተነሥቷል። የቀረው ያንተ ነው።»

«አሁን የስም ሰዓት ነው? ልመልሰው ብዬ ነው…» አለና ስክሪኑ ላይ የወጣውን አነበበ። ፊቱ እንደገና ተለወጠ። «ወይኔ። ቁጥር ይጠይቃል።»

«የምን ቁጥር?»

«የሚመልሰው የእውነት ባለቤቱ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ስልክ ስድስት ቁጥር ይልካል። ያስመዘገብኩት ደግሞ…» ተወው። ንግድ ፈቃዱ በእናቱ ስም ስለሆነ፣ ያኔ ያስመዘገበው የእናቱን ስልክ ነበር።

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ደረታቸው ውስጥ ያለው ስልክ ጢን አለ። አወጡት። ባለ ቁልፍ ነው፣ ፊቱ የተሰነጠቀ። መነጽራቸውን አደረጉ። ፊደል አያውቁም፤ ቁጥር ግን፣ አርባ ዓመት የነጋዴ ስልክ በቃላቸው ይዘው የኖሩ ሰው፣ ቁጥር አሳምረው ያውቃሉ። ስድስቱንም አንድ በአንድ በዓይናቸው አለፉና ስልኩን መዳፋቸው ውስጥ ደበቁት።

«አምጪው፣ እማዬ።»

«አነበብኩት። ይዤዋለሁ።»

«በሦስት ደቂቃ ውስጥ ካላስገባሁት ይሰረዛል!»

«ሌላ ይልካል። እሱም ወደ እኔው ነው የሚመጣው።»

«እማዬ በእግዚአብሔር! ነገ ያልቃል እኮ፣ አንቺው ነሽ የምታለቅሺው!»

«አለቅሳለሁ። ለዚያ ነው የምቸኩለው፤ አንተም ቸኩል።» ባንኮኒውን ዞረው ፊት ለፊቱ ቆሙ። «አጽብሐ፣ በሩ ላይ ቁም፣ የትም አትሂድ፤ ጆሮ ይኑርህ። አንተ፣ ፈቀደ፣ ስልክህን አውጣ። ሶፊያ ጋ ደውል፤ ድምፁን ክፈተው። ‹ዘፈኑን ያጠፋሁት እኔ ፈቀደ ነኝ፣ ሳላጣራ እናቴን በሐሰት አማኋት› በላት፣ በአማርኛ፣ ሲስተም ምናምን የሚል ቃል ሳታስገባበት። እሷ ‹ሰማሁ› ስትል ቁጥሩን እነግርሃለሁ። ደውል!»