ግሪስ የተቀባ ብሎን

ጋሽ ብሎን መካኒክ ናቸው። «ነበሩ» ብሎ ፊት ለፊታቸው የተናገረ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ጋራዥ መዋል ካቆሙ ቆይተዋል፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ዓይናቸውም ያለ መነጽር አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍን ከአሥራ አራት አይለይም። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። መንገድ ላይ የወደቀ ብሎን አይተው ሳይጎነበሱ አልፈው አያውቁም፤ ሲራመዱም ኪሳቸው ይንቃጨላል። ስሙን ሲሰሙ ቅር ብሏቸው አያውቅም፣ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

አንድያ ልጃቸው ታሞ ከሞተ ወዲህ ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው፣ ምራታቸውና ትንሿ የልጅ ልጃቸው። አራተኛ ካስፈለገ ፒክአፗ አለች። ልጃቸው ዕቃ ሲያመላልስባት የነበረች ናት። ሞተሯ ተሰንጥቆ ከአጥሩ ሥር ከቆመች በኋላ ጎማዋ ተኝቶ፣ ቀለሟ ተላልጦ፣ ጋቢናዋን ዶሮዎች ወርሰውት ነበር። ሊገዛት የመጣ ሁሉ ከጋሽ ብሎን ጋር ተጣልቶ ነው የሚወጣው።

ምራታቸው ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ጎህ ሳይቀድ ወጥታ፣ ክንዷ ድረስ ዱቄት ሆና ከሰዓት ትመለሳለች። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከከተማው ወዲያኛው ዳር ሁለተኛ ዳቦ ቤት ሊከፍት ነው፤ ለሱቆች ዳቦ የሚያከፋፍል ባለ መኪና ይፈልጋል። ከአዲሱ ዳቦ ቤት ጀርባ መኖሪያ ክፍልም አለ፣ ለልጅቷም ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው። «የሚመጣው ወር ከመግባቱ በፊት መኪና ይዘሽ ከመጣሽ ሥራው ያንቺ ነው» አላት። እሷም ያጠራቀመችውን አራግፋ ከተገለበጠ መኪና ላይ የወረደ ደህና ሞተር ገዛች፣ በጋሪ አስጭና አመጣችው።

«አባባ፣ እርስዎም አብረውን ይሂዱ» አለቻቸው።

«እኔ ከዚህ ግቢ የምወጣው በሳጥን ነው» አሉ።

ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ጸጽቷቸዋል፤ ግን ያሉትን መልሶ መዋጥ እሳቸው ዘንድ የለም። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ፒክአፗ ከተነሳች ምራታቸውና የልጅ ልጃቸው ይሄዳሉ፣ ካልተነሳች ይቀራሉ። ሊያስነሷት የሚችሉት ደግሞ እሳቸው ናቸው። እስቲ አሁን ይሄ ፈተና ለሰው ይሰጣል?

እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። በርጩማቸውን አውጥተው ከኮፈኑ ፊት ተቀመጡና ማዘዝ ጀመሩ። እሳቸው በጉልበታቸው የተነሳ ከመኪና ሥር መግባት ስለማይችሉ፣ የምትገባው እሷ ሆነች። በዳቦ ቤት ካፖርቷ ላይ የባሏን አሮጌ ቱታ ደርባ፣ ከሥር ተኝታ፣ «ይሄ ነው አባባ?» እያለች ትጠይቃለች። «ከሱ ጎን ያለው። ወደ ግራ። ወደ ግራ አልኩሽ፣ ግራሽ እዚያ ነው እንዴ?» ይላሉ። ሞተሩን ከመኪናዋ አካልና ከካምቢዮው ጋር የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ አላላቻቸው። ሞተሩን የሚያነሳው ባለ ሰንሰለት ፓራንኮ ያለው ጎረቤታቸው በያጁ ጋ ነው፤ እሱ እስኪመጣ ሞተሩ እንዳይወድቅ፣ የላሉትን ብሎኖች እዚያው ቀዳዳቸው ውስጥ ተወቻቸው።

በማግስቱ ምራታቸው ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሄዱ። ጋሽ ብሎን ግቢው መሐል ብቻቸውን ቆሙ። ቤቱ ጭጭ አለባቸው። ከንግዲህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ማለት ነው፣ ብለው አሰቡ። ሆድ ባሳቸው።

ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ማዳበሪያ አነጠፉና ከመኪናዋ ሥር ገቡ። ለመፍታት እምቢ ያለ ጉልበት ለማጥበቅ እሺ አለ። እያቃሰቱ፣ እየተንፏቀቁ፣ ያላላችውን ብሎን ሁሉ አጠበቁት። ሲወጡ ልብሳቸውን አራግፈው፣ እጃቸውን በናፍጣ ታጥበው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው በርጩማቸው ላይ ተሰየሙ።

ከሰዓት ምራታቸው እንደተመለሰች በያጁ ፓራንኮውን ተሸክሞ መጣ። የብረት ቋሚዎቹን ተክሎ፣ ሰንሰለቱን ከሞተሩ ጋር አያይዞ መሳብ ጀመረ። ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ሳበ። የፒክአፗ የፊት ጎማዎች ቀስ ብለው ከመሬት ተነሱ።

«ጋሽ ብሎን፣ ሞተሩን ነው ወይስ መኪናዋን ነው የምንሰቅለው?» አለ በያጁ።

«የቆየ ሞተር ነው። ዝጎ ይዞት ይሆናል» አሉ፣ ዓይናቸውን በጨው አጥበው።

በያጁ ሌላ ሥራ ነበረው። «ፈትታችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ» ብሎ ፓራንኮውን እዚያው ትቶ ሄደ። ምራታቸው የረሳኋቸው ይኖራሉ ብላ፣ ሲመሽ በዳበሳ ከሥር ገባችና እንደገና አላላቻቸው። ጋሽ ብሎንም በማግስቱ እንደገና አጠበቋቸው። ወሩ ሊገባ ቀናት ናቸው የቀሩት።

እዚህ ላይ ግን ሰውየው ራሳቸውን ያጋለጡበትን ነገር ልንገራችሁ። ሌባ ቢሆኑ ኖሮ በአንድ ቀን እጅ ከፍንጅ የሚያዙ ሰው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ብሎን ጥርሱን ሳይጠርጉ፣ ግሪስ ሳይቀቡ አስረው አያውቁም። ሲያጠብቁም ያው ናቸው፤ እያንዳንዱን ነቅለው፣ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው፣ ግሪስ ቀብተው፣ ልኩን አጠበቁት። ክፋት እየሠሩ እንኳ እጃቸው የተበላሸ ሥራ መሥራት አልቻለም።

በሦስተኛው ቀን ምራታቸው ገና ብርሃን ሳለ ከሥር ሆና ቁልፏን ብታዞር ብሎኑ ልስልስ ብሎ መጣላት። ስትጀምር ለማላላት ክንዷ እስኪዝል የታገለችው ብሎን ነው። አውጥታ አየችው። ያበራል። ግሪሱ ትኩስ ነው። የሚቀጥለውን ፈታች፣ ያም እንዲሁ።

ከመኪናዋ ሥር ወጣችና ብሎኑን መዳፏ ላይ አድርጋ ከበርጩማው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ የዛገ ብሎን ግሪስ ይቀባል እንዴ?»

ጋሽ ብሎን ብሎኑን አዩት፣ እሷን አዩ፣ መልሰው ብሎኑን አዩት።

«በዚያ ጉልበትዎ ሥር ገቡ?» አለች። የተቆጣች መስሏቸው ነበር፤ ድምፅዋ ግን የተቆጣ ሰው ድምፅ አይደለም። «ቢያምዎትስ? መውጣት ቢያቅትዎትስ፣ ማን ይሰማዎታል?»

ይሄኔ አንጀታቸውን በላችው። ትሰድበኛለች ብለው ሲጠብቁ፣ ለጉልበታቸው ታስባለች።

«ብቻዬን መቅረት ፈራሁ» አሉ። «ጠዋት ስትወጡ እንኳ ቤቱ አይቻለኝም። ልጄን ቀበርኩ፣ እናንተን ደግሞ ዓይኔ እያየ በገዛ እጄ ልሸኝ? እንዴት ብዬ?»

«እኔስ የማልፈራ መሰለዎት?» አለች። «እሱ የነዳትን መኪና ልነዳ ነው። የማላውቀው ሰፈር ልገባ ነው። እርስዎን ትቼ ስሄድ ሰዉ ምን ይለኛል ብቻ ሳይሆን፣ እኔ ራሴን ምን እለዋለሁ? ግን አባባ፣ በአሁኑ ደሞዝ ልጅቷን ማሳደግ አልቻልኩም። እርስዎም ያውቃሉ።»

ያውቃሉ። ለልጅቷ ትኩሱን እየሰጠች እሷ የደረቀውን ዳቦ ስትበላ ስንቴ አይተው እንዳላየ ሆነዋል።

ጋሽ ብሎን ብሎኑን ከመዳፏ ወስደው ኪሳቸው ከተቱ። «በያጁን ጥሪው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሥራ ማየት ነበረባችሁ። አሮጌው ሞተር በሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ ሲወጣ ጋሽ ብሎን ተነስተው ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ እንባቸውን በቱታቸው እጅጌ ጠረጉ፤ ማንም እንዳላየ ሆነ። የገዛችው ሞተር መያዣው አልገጠመም፤ በያጁ ሁለት የብረት ጆሮ ቆርጦ በየደለት። ከካምቢዮው ጋር እስኪገናኝ ምራታቸው ከሥር፣ እሳቸው ከላይ፣ በያጁ ሰንሰለቱ ላይ ሆነው ተጨቃጨቁ። ዝገቱን ፋቁ፣ የተቦደሰውን ለጠፉ፣ ዶሮዎቹን አስወጥተው ወንበሩን አጠቡ። ቀለሙን ግማሹን ነው ያዳረሱት፣ አለቀባቸው። ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ተረጋጋ። ጋሽ ብሎን ጆሯቸውን አስጠግተው ቆይተው ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንከን አጡበት። ቢያገኙበት እንዴት ደስ ባላቸው።

የሚሄዱበት ቀን ደረሰ። ፍራሹ፣ ድስቱ፣ የልጅቷ ሣጥን ተጫነ። ልጅቷ ጋቢና ገብታ ተቀመጠች። ምራታቸው በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አስገብታ ቆመች።

«አባባ፣ ይሄ ሞተር በየእሁዱ መታየት አለበት አይደል?»

ጋሽ ብሎን ቅር አላቸው። «ለምን ሲባል? እኔ የገጠምኩት ሞተር? ዘይቱን በጊዜው ቀይሪ እንጂ፣ ዓመት ሙሉ ኮፈኑን መክፈት አያስፈልግሽም።»

«መታየት አለበት።»

«የለበትም አልኩሽ እኮ። ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን ሥራ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አባባ» አለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «አለበት እያልኩዎት ነው። በየእሁዱ ይዘነው እንመጣለን።»

ጋሽ ብሎን ፊታቸውን ወደ ኮፈኑ አዞሩና ምንም የሌለበትን ቦታ በጨርቅ መጥረግ ያዙ።

«እንዲያ ከሆነ በጠዋት አምጪው» አሉ። «ትኩስ ሞተር አይነካም። እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ነው።»

«ብዙ ይቆያል?»

«እስከ ማታ» አሉ።