ለአራት መቶ ልጅ የሚበቃ ጨርቅ

ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ተማሪ ዩኒፎርም በአማካይ አንድ ሜትር ከሃያ ጨርቅ ይበቃል አሉ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከአንድ ሜትር ተኩል ፍንክች አልልም አለች። እሳቸው ልጆቹን በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ያያሉ፤ እሷ ሃያ ዓመት ሙሉ የልጅ ቁመት ስትለካ ኖራለች።

ነገሩ እልህ ብቻ አልነበረም። ፋብሪካው ወይን ጠጁን ጨርቅ የሚያቀልመው አንዴ ነው። አንሶ እንደገና ከታዘዘ ቀለሙ አይገጥምም፤ ግማሹ ልጅ ወይን ጠጅ፣ ግማሹ ቀይ ሥር መስሎ ይሰለፋል። ያኔ የትምህርት ቤቱ ሥራ ከእጇ ወጣ ማለት ነው።

ኮሌጅ ስታትስቲክስ የሚማረው የእህቷ ልጅ፣ እሷ "ፕሮፌሰር" የምትለው፣ ላስታርቃችሁ ብሎ ተነሳ። አራት መቶውን መለካት አያስፈልግም፣ አርባ ይበቃኛል አለና ሜትሯን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሄደ። በማግስቱ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገው ጨርቅ በአማካይ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት፣ ስህተቱ ወዲህም ወዲያም ከሦስት ሳንቲ ሜትር እንደማይበልጥ ዘጠና አምስት በመቶ ይተማመናል። ርዕሰ መምህሩ ልክ ናቸው።

አክስቱ ጠመኔዋን አስቀመጠች።

"ልጆቹን ከየት አመጣሃቸው?"

"ከየክፍሉ። ትምህርት እንዳልረብሽ ፊት የተቀመጡትን ወሰድኩ።"

"አጫጭሮቹን! አንተስ ቁመት እስክታወጣ የት ነበር የምትቀመጠው?"

ፊት ነበር። ጆሮው ጋለ። የስህተቱ ክልል እንደዚያ የጠበበለትም ልጆቹ ሁሉ በቁመት ተቀራራቢ ስለሆኑ እንደነበር አሁን ገባው።

እንደገና ሄደ። አሁን የስም መዝገቡን ተቀብሎ መነሻውን በዕጣ አወጣና በየአሥረኛው ስም ላይ ምልክት አደረገ። ከአርባዎቹ አንዱ ጢም ያቀመቀመ የኋላ ወንበር ጎረምሳ ሲሆን፣ ትከሻውን ለመለካት ፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ መውጣት ግድ ሆነበት።

አማካዩ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት መጣ፤ ስህተቱ ግን ወዲህም ወዲያም ስምንት ሳንቲ ሜትር። አክስቱ፣ እየተማርክ ወደ ኋላ ትሄዳለህ እንዴ ብላ አሾፈችበት። እሱ ግን ረጋ ብሎ አስረዳት። ልጆቹ ሲለያዩ ክልሉም ይሰፋል። የርዕሰ መምህሩ ግምት ከክልሉ ውጭ ነው፤ የእሷም ከአማካዩ በልጦ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሏል።

"በዚህ መንገድ መቶ ጊዜ ብንለካ፣ ዘጠና አምስት ጊዜ ያህል ክልላችን እውነተኛውን አማካይ ይይዛል።"

"አምስቱን ጊዜስ?"

"እንስታለን።"

"አሁን ገና ሰው የሚያምነው ነገር ተናገርክ፣ የኔ ጌታ።"

ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ሁለት ቁጥር ጻፈች። ለአራት መቶው ልጅ በክልሉ ታችኛው ጠርዝ አምስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሜትር፣ በላይኛው ስድስት መቶ። ትንሽ አየቻቸውና ስልኩን አንስታ ፋብሪካው ጋ ደወለች።

"ስድስት መቶ ሜትር አቅልሙልኝ" አለች፤ "የሚተርፍ ከሆነ ለፕሮፌሰሩ ሱሪ እሰፋለታለሁ።"