የገላጋይ እንግሊዝኛ

እንግሊዝኛ የተማርኩት ለደሞዝ ወይም ለዜግነት ፈተና ብዬ አይደለም። ፖሊስ ሲመጣ ዳግመኛ ዱዳ ላለመሆን ነው።

የመጀመሪያው ጣጣዬ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤቱ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። ሁለት ጎረምሶች ይደባደባሉ። መንገደኛው ሁሉ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል፤ አንድ ገላጋይ የለም። እኔ ደግሞ ኮምቦልቻ ነው ያደግሁት፤ እዚያ ሰው ሲደባደብ አይቶ የሚያልፍ እንደ ሰው አይቆጠርም። የያዝኩትን ልብስ ወርውሬ ገባሁና ጠንከር ያለውን ከኋላው ጥርቅም አድርጌ አቀፍኩት። እኛ አገር እንዲህ ሲደረግ ሌላኛው ያቆማል። ያ ግን ባላጋራው መያዙን ሲያይ ደስ ብሎት አፍንጫውን በቡጢ አደቀቀለት። ያቀፍኩትም በጭንቅላቱ ወደ ኋላ መትቶ ከንፈሬን ሰነጠቀው።

ፖሊሶች ሲደርሱ ሁለቱም ወደ እኔ ጠቆሙ። አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ነው፣ ያንበለብሉታል። እኔ «ኖ፣ ፍሬንድ፣ ኖ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣልኝም። ፊቴን አስፋልት ላይ ደፉኝ፤ አንዱ ጉልበቱን ጀርባዬ ላይ ተክሎ በካቴና አሰረኝ። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ካሜራ ታይቶ ማምሻውን ተለቀቅሁ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። ያ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

ባለቤቴ ቡሽራ ከንፈሬን አይታ አለቀሰች፤ ከዚያ ተቆጣች። ከእኔ ቀድማ የመጣች፣ ሆስፒታል ውስጥ እንግሊዝኛ ስትናገር የምትውል ሴት ናት።

«ተውፊቅ፣ እዚህ አገር ገላጋይ የሚባል ነገር የለም! ራቅ ብለህ ትቆምና ናይን ዋን ዋን ኮል አድርገህ ፖሊስ ትጠራለህ፤ በቃ!»

«በምን አፌ?»

«አፉን እኔ እሰጥሃለሁ።»

ሰጠችኝም፣ በነጠላ ጫማ። ቃሉንስ ክላስ ገብቼ ለቃቅሜያለሁ፤ ልቤ ሲመታ ነው የሚበተንብኝ። ቡሽራ ይሄ ገብቷታል። ከእራት በፊት ሳሎን መሃል ታቆመኝና ፖሊስ ትሆናለች። ትጮህብኛለች፣ ትገፋኛለች፣ ትከሻዬን በጫማው ታጮለዋለች። «ቶክ! ማን መታ? በምን መታ? አንተ የት ነበርክ?» ከተንተባተብኩ እንደገና ነው። አንዳንዴ ደሜ ይፈላና ጫማውን ነጥቄ እወረውረዋለሁ። «ለምን እንደወረወርከው በእንግሊዝኛ አስረዳ» ትለኛለች። ወላሂ፣ እንደዚህ ያለ አስተማሪ አይቼ አላውቅም። የዚያ ዓመት ብርድ ሳያልቅ፣ እየተመታሁ አቀላጥፌ መናገር ቻልኩ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ፓርኪንግ ንጉሡ የሚባል ልጅ እግር ባልደረባ አለኝ። ዲቪ ደርሶት ገና መምጣቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ሁለት ደንበኞች መውጫው ላይ ተጋጩና ከመኪና ወርደው ተያያዙ። ከረባት ያሰረው ከመኪናው የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ተመለሰ።

እኔ ስልኬን አወጣሁ። ልቤ ይደልቃል፣ ምላሴ ግን አልተሳሰረም። አድራሻውን፣ የሰዎቹን መልክ፣ ብረቱን ሳይቀር እንደ ውሃ አወረድኩት። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ አንዴም «ድገምልኝ» አላለችኝም። የሰው ደም ሊፈስ ሲል እኔ በራሴ ኮራሁ።

ንጉሡ ግን ሮጠ። «ተው! ተመለስ!» አልኩት፣ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ። በገላጋይ ወግ ሁለት እጁን ዘርግቶ መሃላቸው ቆመ። ብረቱ ክንዱ ላይ ሲያርፍ የአጥንቱ ስብራት እኔ ድረስ ተሰማ። ሁለተኛው ምት ቅንድቡን ገመሰው። ደም ዓይኑን ሸፍኖት ተንበርክኮ እንኳ በደህና ክንዱ ያቀፈውን የባለ ከረባቱን ወገብ አልለቀቀም። ሌላኛው ደንበኛ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ቆለፈ። ሳይረን ሲሰማ ባለ ከረባቱ ብረቱን ቀይ መኪና ሥር ወረወረው።

«አጠቃኝ! አስለቅቁኝ!» ብሎ ጮኸ። እንዲያ ዘርዝሬ የነገርኳቸው የት እንደገባ እንጃ፣ ፖሊሶቹ ንጉሡን በተሰበረ ክንዱ ጠምዝዘው አስፋልቱ ላይ ደፍተው በካቴና አሰሩት። «ኖ! ፍሬንድ! ኖ!» ሲል ሰማሁ። የራሴ ድምፅ መሰለኝ።

ያኔ ሄድኩ። አንዱ ፖሊስ ሽጉጡን ወደ ደረቴ መለሰ። እጄን አነሳሁ፣ ድምፄንም አነሳሁ። በእንግሊዝኛ፣ አንድ ቃል ሳልውጥ፣ «የደወልኩት እኔ ነኝ። እሱ ሊገላግል ገብቶ ነው የተመታው። ክንዱ ተሰብሯል፣ ልቀቁት። የመታው ያ ነው፤ ብረቱ ከቀዩ መኪና ሥር አለ» አልኩ። ዝም በል አሉኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አንዷ ፖሊስ ጎንበስ ብላ ብረቱን አየች። ካቴናው ከንጉሡ እጅ ወጥቶ ባለ ከረባቱ እጅ ላይ ገባ።

አምቡላንስ ውስጥ ሲያስገቡት አጠገቡ ሄድኩ። እንዲያመሰግነኝ ጠብቄ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

«አብሽር፣ ሁሉንም አስረድቻቸዋለሁ» አልኩት።

ባልታሸገው ዓይኑ አየኝ።

«ጋሽ ተውፊቅ፣ መጀመሪያ ሲመታኝ ዞር ብዬ አይቼሃለሁ። ሁለት ብንሆን ብረቱን እንቀማው ነበር።»

«ስልክ ላይ ነበርኩ እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ጎበዝ ነህ፣ ጥሩ ትናገራለህ።»

በሩን ዘጉት።

ቤት ስገባ ቡሽራ ስለ ቀኑ ምንም አታውቅም። እንደ ልማዷ ጫማውን ይዛ ሳሎን መሃል ቆማለች።

«ቶክ! ማን መታ? በምን መታ?»

ሁለቱንም መለስኩላት።

«አንተ የት ነበርክ?»

ስልኬን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጫማው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አልተከላከልኩም።