ደረቁ ፈለግ

ያስና ደረቅ እንጨት እስከ አገጯ ታቅፋ ከጫካው ስትወጣ ድንኳኑ ቆሞ አገኘችው። አቋቋሙም የሚያስቀና ነበር። ገመዶቹ እኩል ተወጥረዋል፤ ካስማዎቹ ዘንበል ብለው እስከ አንገታቸው ተቀብረዋል፤ በሩ ለነፋሱ ጀርባውን ሰጥቷል። አባቷ ዶን ቤላርሚኖ መዶሻቸውን ቀበቷቸው ላይ ሻጥ አድርገው፣ ነጭ ሸሚዛቸው በላብ ከጀርባቸው ተጣብቆ፣ የሠሩትን በኩራት ይመለከታሉ።

«እህስ? እጄ ረስቷል?» አሏት።

«ኧረ አልረሳም፣ አባዬ።»

እውነቷን ነው፤ እጃቸው ምንም አልረሳም። ድንኳኑ የተተከለው ግን ወንዙ ጥሎት በሄደው ደረቅ ፈለግ እምብርት ላይ ነበር።

ቦታው ሲያዩት ያጓጓል። ድንጋይ የለው፣ ሥር የለው፣ እንደተነጠፈ አልጋ ለጥ ያለ ነጭ አሸዋ ነው። የሁይልኩራን ወንዝ ጠባይ የማያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያ ነው። በየበጋው ከሳንቲያጎ የሚመጡ ቤተሰቦች አዳዲስ ድንኳኖቻቸውን እዚያ ይዘረጋሉ፤ ተራራው ላይ አንድ ዝናብ ይጥላል፤ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውሃው ሳይታሰብ ይመጣና ጫማቸውንም ድስታቸውንም ይዞ ይሄዳል። የአካባቢው ሰው ይህን እየተረከ ክረምቱን በሳቅ ይገፋዋል። ከሁሉም አብልጠው ይስቁ የነበሩት ደግሞ ዶን ቤላርሚኖ ናቸው። «ወንዝ ቤቱን ጥሎ ሄደ እንጂ ለማንም አልሸጠም» ይሉ ነበር። ያስናን ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ትከሻቸው ላይ አውጥተው፣ ቅርንጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ሣር በእጇ አስነክተው፣ «አየሽ? ውሃው እዚህ ድረስ መጥቶ ነበር። ይህን ያየ ሰው እዚህ አይተኛም» ያሏት እሳቸው ናቸው።

እንጨቱን ቀስ ብላ አወረደች።

«ቦታው…» ብላ ጀመረችና ሌላ ነገር ሆኖ ወጣላት። «ቦታው ተመችቶሃል?»

«ለጀርባዬ ለስላሳ ነው» አሉ፣ አሸዋውን በጫማቸው እየደለደሉ።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያስና አባቷን ያመጣቻቸው ለዕረፍት አልነበረም፤ ለፈተና ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ ዶን ቤላርሚኖ ኩራካውቲን ከተማ ውስጥ በእንጨት ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ድስት እሳት ላይ ጥደው ገበያ ሄዱ። ክረምት ላይ ደግሞ አውቶቡስ ተሳፍረው ካላሰቡት ከተማ ወረዱና ጎረቤት ሄዶ አመጣቸው። ወንድሟ ኔልሰን ከዚያ ወዲህ አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያለው፦ ቤቱ ይሸጥ፣ አባዬም ሳንቲያጎ አንቺ ጋ ይግባ። ያስና አሻፈረኝ አለች። አባቷን ከእንጨት ምድጃቸውና ከዶሮዎቻቸው ነጥሎ እሷ የምትኖርበት አምስተኛ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ የቁም እስር ነው ብላ ተሟገተች። በመጨረሻ ኔልሰን፣ «እንግዲያው እንደ ድሮው ድንኳን ይዘሽው ውጪ» አላት። «ሰው ድንኳን ውስጥ አመሉን አይደብቅም። እዚያ ራሱን ከቻለ ቤቱ ይቀመጥለት፤ እኔም አፌን እዘጋለሁ። ካልቻለ ግን እንዳትዋሺኝ።» እሷም እሺ አለች።

እስከዚህች ሰዓት ድረስ ደግሞ አባቷ ፈተናውን እያለፉ ነበር። ከመኪና ሲወርዱ ገና ጥቁር ሰማያዊ ጃኬቷን አይተው፣ «አውልቂው፣ ተናካሹ ዝንብ ጥቁር ይወዳል» አሏት። ሜዳው ላይ ያለችው አንዲት የውሃ ቧንቧ ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ እንደማትከፈት አልዘነጉም። ከሳንቃ የተሠራው ሽንት ቤት በር መወርወሪያ እንደሌለውና እያንጎራጎሩ መግባት እንደሚሻል አስታወሷት። ከዚህ ሌላ ቦታው ላይ ምንም የለም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ድንጋይ የተከበበ የእሳት ጉድጓድ፣ የኮይዌ ዛፎችና ወንዙ ብቻ። ያስና እንጨት ስትለቅም ለኔልሰን የምትነግረውን በሆዷ እያሰናዳች፣ ከወንድሟ ጋር ተከራክራ ስለረታች ብቻዋን ፈገግ እያለች ነበር።

አሁን ፈገግታው የት እንደገባ አታውቅም። ብትነግራቸው ፈተናው እዚያው አበቃ፤ ባትነግራቸው ውሃ ይመጣል። ሦስተኛ መንገድ ፈለገች፤ ራሳቸው ቢያዩትስ? አንዴ ቀና ብለው ቅርንጫፎቹን ቢያዩ፣ «አይ የኔ ነገር!» ብለው ካስማውን ቢነቅሉ፣ ማንም ያልሰማው ስህተት ሆኖ ይቀር ነበር። እናም መጠበቅ ጀመረች።

ዶን ቤላርሚኖ እሳት አነደዱ። ዱቄት በጨውና በስብ አቡክተው ጠፍጠፍ አደረጉና ፍሙን ገለል አድርገው ሊጡን ረመጡ ውስጥ ቀበሩት። አመዱን ሲያለብሱት የሕፃን ብርድ ልብስ እንደሚያስተካክል ሰው ነበሩ። ከዚያ እንደ ሻይ የሚጠጣውን የማቴ ቅጠል በቅል ዘፍዝፈው፣ ቀጭኗን የብረት መምጠጫ ሰክተው፣ የመጀመሪያውን መራራ ራሳቸው ጠጥተው ሁለተኛውን ለእሷ ሰጧት። አንዷንም ነገር አልዘለሉም። ያስና እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ስትከታተል ራሷን ጠላች። የገዛ አባቷን እንደ ሰላይ ከጎን ሆና ትመዝናለች። ቀና በል አባዬ፣ ትላለች በሆዷ፤ አንዴ ብቻ ቀና በል።

እሳቸው ስለ ዳቦው ያወራሉ። «እናትሽ ቶሎ ታወጣው ነበር፤ ትዕግሥት የላትም። ዳቦ ሲያንኳኩት ባዶ ቤት መስሎ ካልተሰማ አልበሰለም።»

ብዙም ሳይቆይ ነፋሱ ከሰሜን መንፈስ ጀመረ። በእነሱ በኩል ሰማዩ እንደጠራ ነው፤ ከተራራው ጀርባ ግን ጠቁሯል። ያስና ሁለት ጊዜ አፏን ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ፤ እሷ ሁሉን እያወቀች ስለ ዶሮዎቹ ጤና ትጠይቃቸዋለች።

የቦታው ባለቤት ኤርሚንዳ ኩሪኬዎ የጎማ ቦቲዋን ተጫምታ፣ አይብ በጨርቅ ጠቅልላ ከዳገቱ ወረደች። ከያስና ጋር አብረው ያደጉ ናቸው፤ መሬቱ የኤርሚንዳ እናት ርስት ነበር፣ አሁን እሷ ናት ድንኳን ይዘው ለሚመጡት የምታከራየው። ገና ከሩቅ ድንኳኑን አይታ ሳቋ ቀደማት።

«ኧረ ጉድ! ዛሬም ሳንቲያጎዎች መጡብኝ? ይሄ ማነው መንሳፈፍ ያማረው?»

ከዛፉ ሥር የተቀመጡትን ስታይ ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ድንኳኑን ታውቀዋለች፤ ጣሪያው ላይ ያለውን አረንጓዴ እራፊ የሰፋችው የያስና እናት ነበረች።

«ዶን ቤላ…» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ተራራው ከጧት ጀምሮ ይዘንባል እኮ። እዚህ ማን ተከለው?»

ዶን ቤላርሚኖ ቀና አሉ። ዐይናቸው ከድንኳኑ ወደ አሸዋው፣ ከአሸዋው ወደ ቅርንጫፎቹ ሄደ፤ እዚያ ላይ ቆመ። ያስና ፊታቸውን አየች። መንገድ ላይ እጁን የለቀቀችውን እናቱን የሚፈልግ ሕፃን ፊት ነበር። ሊናገሩ ከንፈራቸው ሲላወስ ቀደመቻቸው።

«እኔ ነኝ የተከልኩት» አለች፤ ዐይኗን በጨው አጥባ።

ኤርሚንዳ ያስናን አየች። ሽማግሌው ቀበቶ ላይ የተሻጠውን መዶሻም አየች። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«አይ እመቤት! ፎቅ ላይ ስትኖሪ ወንዝ መልኩ ምን እንደሚመስል ጠፋሽ? አንቺን ብሎ የገጠር ልጅ!»

«ስንት ጊዜ ነው የማስተምርሽ?» ዶን ቤላርሚኖ ድንገት ተነሡ። «ዞር ስልልሽ እንዲህ ነው የምትሠሪው? ከልጅነትሽ ጀምሮ ነግሬሻለሁ! እናትሽ ብታይሽ ምን ትላለች? ሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

ያስና አንገቷን ደፋች። ስድቡ አልነበረም የከበዳት። አባቷ እውነት እሷ የተከለችው መስሏቸው ነው ወይስ የዘረጋችላቸውን እጅ ይዘው ነው የሚጮኹት? መስሏቸው ከሆነ ነገሩ ኔልሰን ከፈራው ይብሳል። አውቀው ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ቃል ሲወጣ ራሳቸውን እየቆረጠ ነው የሚወጣው። የቱ እንደሚሻል ለመምረጥ እንኳ አልቻለችም።

ድንኳኑን ሦስት ሆነው አነሡት። ኤርሚንዳ ካስማ እየነቀለች ቀልዷን አላቋረጠችም። ዶን ቤላርሚኖ ከፍ ወዳለው መሬት ወጡ፤ የደረቀ ቅርንጫፍ እንዳይወድቅባቸው ወደ ላይ አዩ፣ መሬቱን በእግራቸው ዳበሱ፣ ከዚያም ተረከዛቸውን ተክለው «እዚህ» አሉ። ትክክል ነበሩ። ያስናን ይበልጥ ያስለቀሳት ትክክል መሆናቸው ነው፤ ፊቷን ወደ ገመዱ መልሳ አበሰችው። ኤርሚንዳ አይቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስትሰናበት ክንዷን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

«የኔንም እናት እንዲህ ነው የጀመራት» አለቻት በጆሮዋ፣ ሄደችም።

ውሃው ፀሐይ ወደ ኮይዌዎቹ ጫፍ ሳትደርስ መጣ። ድምፅ አላሰማም። መጀመሪያ ቀጭን ሆኖ ቅጠልና ገለባ እየገፋ በአሸዋው መሐል ገባ፤ ካስማ የተነቀለባቸውን ጉድጓዶች አንድ በአንድ ሞላ፤ ከዚያ ግራና ቀኙን ያዘ። አባትና ልጅ ትኩሱን ዳቦ አመዱን እያራገፉ ይበሉ ነበር። ዶን ቤላርሚኖ መጉረሳቸውን አቆሙ።

«ያስና።»

«አቤት፣ አባዬ።»

«እኔ ነኝ የተከልኩት።»

ያስና ዐይኗን ውሃው ላይ ተከለች።

«ልጄ ነሽና ሸፈንሽኝ። እኔ ደግሞ ፈራሁና ጮኽኩብሽ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።»

«ሰው አይሳሳትም እንዴ? ማንም ቢሆን…»

«ማንም ይሳሳታል። እኔ ግን እዚህ ቦታ አልሳሳትም።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ሣሩን እኮ አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ስተክል አይቼዋለሁ። ደረቅ ሣር እዚያ ላይ ምን ይሠራል ብዬም አስቤያለሁ። ምን ማለት እንደሆነ ነው የጠፋኝ።»

ያስና የያዘችው ቁራሽ ዳቦ ከእጇ ወደቀ። ይህን ፈተና ውስጥ አላሰበችውም ነበር፤ የሚፈተነው ሰው ራሱ ውጤቱን ይነግረኛል ብላ አልጠበቀችም። እጃቸውን ያዘች። ሻካራና ሞቃት ነበር፤ ዱቄት በጥፍሮቻቸው ሥር ደርቋል።

«ኔልሰን ምን እንዳለሽ አውቃለሁ» አሉ። «ዕረፍት እንውጣ ስትዪኝ ዐይንሽን ሰብረሽ ነበር። ዝም ያልኩት እኔም ላውቀው ፈልጌ ነው። ሂጂ ደውዪለት። ዳገቱ ላይ ስትወጪ ኔትወርክ ታገኛለሽ።»

«ነገ እደውልለታለሁ። ዛሬ ዳቧችንን እንብላ።»

«ነገማ ይህን አላስታውሰው ይሆናል።» አባቷ ሳይቆጡ፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነበር የሚያወሩት። «ነገ ከቤቴ አልወጣም ብዬ እጮኽብሽ ይሆናል፤ አንቺም ጨካኝ ልጅ ሆኛለሁ ብለሽ ታለቅሻለሽ። አሁን ሂጂ፤ እኔ እያወቅኩት። እኔ ነኝ የላክሁሽ።»

ተነሣች። ዳገቱ ላይ ሣሩ ያንሸራትታል፤ ጫፉ ላይ ስትደርስ ስልኳ ተንጫጫ፣ የኔልሰን መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። ደወለች። ገና አንድ ጊዜ ሳይጠራ አነሣው።

«እህስ፣ ያስና? ቻለ?»

ነፋሱ ፊቷን ይመታታል። ከታች አባቷ እሳቱ አጠገብ ቆመዋል፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ እሷ ወደ ዳገቱ ያያሉ፤ እስክትናገር ይጠብቃሉ።