ኦዋሬ ለስልኩ የነገረው

ኦዋሬ ልጁን ማግኘት ሲፈልግ የሚደውለው ወደ ቢሮዋ ነበር። የእጅ ስልኳ ቁጥር ጠፍቶት አይደለም፤ ጎረቤቱ ማሜ አቺያ በትልልቁ ጽፋ ከአልጋው በላይ ለጥፋለታለች። ነገሩ ወዲህ ነው። ልጁ ፍሬማ የምትሠራበት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት ዋና ቁጥር ሲደወል መጀመሪያ የሚያነሳው ማሽን ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የሚናገረው በፍሬማ ድምፅ ነው። «እንኳን ደህና መጡ፤ ለትኬት አንድን፣ ለዕቃ ሁለትን ይጫኑ» ትላለች፣ መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ በትዊ፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጸጥ ብሎ ያዳምጥና «እንዴት አደርሽ፣ እናቴ» ይላታል። የእሷን የውስጥ ቁጥር የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቴ የሚላት በእናቱ ስም ስለ ሰየማት ነው። ገና በጨርቅ ተጠቅልላ ሳለች፣ አብረውት ግንድ የሚያመላልሱትን ሹፌሮች «ዛሬ እናቴ ስታለቅስ አድራ እንቅልፍ ነሳችኝ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

«ፓፓ፣ እሱ እኮ ማሽን ነው» ትለዋለች ፍሬማ። «ሰላምታህን አይሰማም።»

«አንቺስ መቼ ትሰሚኛለሽ? በደወልኩ ቁጥር ሥራ በዝቶብኛል ነው። እሷ ግን አንድም ቀን ሥራ በዝቶብኛል ብላኝ አታውቅም።»

እውነቱን ነበር። የድርጅቱ ስልክ በሙሉ በፍሬማ እጅ ነው። ከኩማሲ እስከ ታማሌ በየመናኸሪያው የሚጮኸው ስልክ ሁሉ የሚያልፍበት ሰርቨር ለብቻው የቆመ ሳጥን አይደለም፤ በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ የራሱ አካል የሌለው ምናባዊ ማሽን ነው። አካል ማጣቱ ግን አንድ በረከት አለው፤ ፎቶ ይነሳል። ባለሙያዎቹ ፎቶ የሚሉት ማሽኑን ባለበት ሁኔታ፣ በውስጡ ካለው ነገር ሁሉ ጋር፣ ቀርጾ ማስቀመጥን ነው። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይጭኑበታል። ቢበላሽ ወደ ፎቶው ይመልሱታል፤ በመካከል የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ይሆናል። እኛ ሰዎች ይህን ብንታደል ስንቱን ክፉ ቃላችንን በመለስነው! ፍሬማም ትወደው ነበር። ስህተቴን ይቅር የሚለኝ እሱ ብቻ ነው ትል ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ከሥራ መውጫ ላይ፣ ማሽኑን ፎቶ አነሳችው። አዲስ የመጣውን ማሻሻያ ጫነች፣ ወዲያ ወዲህ ደውላ ሞከረች፣ ሠራ። ቆልፋ ወጣች። ሰፈሯ ስትደርስ መብራት ጠፍቷል። የእጅ ስልኳ ባትሪ አልቆ ቀጥ አለ፤ በዚህ ሌሊት ማን ይፈልገኛል ብላ ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው በአንድ እግሩ ቆሞ ጠበቃት። ስልኩ ይጠራል፣ ሠራተኛው ያነሳል፣ ደንበኛው ይናገራል፣ ሠራተኛው ሲመልስ ግን ወዲያ ማዶ ምንም አይሰማም። ቤቱ «ሃሎ! ሃሎ!» ብቻ ሆኗል። ዓርብ ደግሞ ኩማሲ ውስጥ እንደ ሌላው ቀን አይደለም፤ በየቅዳሜው ቀብር አለና ግማሹ ከተማ ጥቁርና ቀይ የሐዘን ልብሱን ለብሶ የሚሳፈርበት ቀን ነው።

«ፍሬማ! ድዳ አደረግሽን እኮ!» አለ አለቃዋ ሚስተር ኳርቴይ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

ጠረጴዛዋ ላይ ባለው ስልክ ጥግ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መልእክት አለሽ ማለት ነው። አየችው። ከተናደዱት ደንበኞች አንዱ ስድቡን አራግፎብኝ ይሆናል ብላ ለኋላ ተወችው።

ጥፋቱ የማሻሻያው መሆኑ ወዲያው ገባት። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወደ ፎቶው መመለስ። ሁልጊዜ ግን ከመመለሷ በፊት አንድ የምታደርገው ነገር ነበራት፤ ከፎቶው ወዲህ የመጡትን የድምፅ መልእክቶች ወደ ሌላ ቦታ ትቀዳቸዋለች።

«መልእክቶቹን ልቅዳና እመልሰዋለሁ» አለች።

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።»

«ግማሽ ሰዓት! ሕዝቡ በር ላይ ሊበላኝ ነው፣ አንቺ ግማሽ ሰዓት ትይኛለሽ! ለመሆኑ በሌሊት ለአውቶቡስ ድርጅት ደውሎ ቁም ነገር የሚናገር ማን አለ? ሰካራም ነው። መልሺው አሁን!»

ፍሬማ እምቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም። እሷም ቸኩላ ነበርና፣ ሰካራም ነው የሚለው አነጋገርም አስቋት ነበርና፣ መመለሻውን ተጫነች። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ። ስልኮቹ አንድ ላይ ጮኹ፤ ሠራተኞቹ አንስተው ተናገሩ፤ ወዲያ ማዶም ተሰማ። አንዳንዶቹ አጨበጨቡላት። ሚስተር ኳርቴይ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «የእኔ ጎበዝ!» አላት። ደስ አላት። ቀዩ መብራት መጥፋቱን ልብ አላለችም።

ማሜ አቺያ የመጣችው ረፋዱ ላይ ነው። በሁለት የተለያዩ ነጠላ ጫማዎች፣ መቀነቷን ሳታጠብቅ። ፍሬማን ስታይ መጀመሪያ ውሃ ስጧት አለች። ፍሬማ ብርጭቆውን ሲሰጧት ነገሩ ገባት። ለእንግዳ ሳይሆን ለባለቤት ውሃ ሲቀዳ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ አገር ልጅም ያውቀዋል።

«ጠጪ፣ ልጄ።»

«ፓፓ ነው?»

«ጠጪልኝ መጀመሪያ።»

ጠጣች። አባቷ ጎህ ሳይቀድ ደረቱን አመመው፤ ታክሲ ተጠርቶ ሆስፒታል ሳይደርስ፣ መንገድ ላይ አለፈ። ማሜ አቺያ ይህን እየነገረቻት እጇን ይዛ ትዳብሳት ነበር።

«ብቻ እግዜር ይመስገን፣ ሳያናግርሽ አልሄደም» አለች። «በእጅ ስልክሽ ብንሞክር ዝግ ነው። ወደ ቢሮዋ ደውይልኝ አለኝ። ደወልኩለት። ከዚያ ውጪ አለኝ፣ ከእናቴ ጋር ብቻችንን የምንነጋገረው አለን አለኝ። ስንት አወራሽ! እኔ ታክሲውን ይዤ እስክመለስ ያወራ ነበር። ሰማሽው አይደል?»

ፍሬማ ዞራ ስልኩን አየች። መብራቱ ጠፍቷል። ማሜ አቺያ ለቅሶ ነው ብላ አቀፈቻት፤ ፍሬማ ግን ጠዋት ያየችው ቀይ መብራት የአባቷ መልእክት እንደ ነበር ገብቷት ነበር።

አባቷን በአስከሬን ክፍል አይታ እንደ ተመለሰች በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገባች። ቅዳሜንም እሑድንም እዚያው ዋለች። የተጣለውን ለመለቃቀም የሚችል መሣሪያ ሁሉ ሞከረች፣ አክራ ያሉ የሙያ ጓደኞቿን ለመነች። የተገኘ ነገር የለም። መልእክቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ የዚያ ዓርብ ግርግር ሁሉ ተጽፎበታል፤ የትኬት ጥያቄ፣ የጠፋ ሻንጣ፣ የዕቃ ሂሳብ። የአባቷን ቃል ውሃ በላው። በአባቷ የእጅ ስልክ ላይ ጥሪው ተመዝግቧል። ረጅም ነበር፤ ከሰላምታ በጣም የሚረዝም።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለማሜ አቺያ እንኳ ራሷን ከመነቅነቅ በቀር አልመለሰችላትም። ሰኞ ዕለት ግን የኦዋሬ ወገኖች ከትውልድ ቦታው ከጎአሶ መጡ።

በዚያ አገር ዘር የሚቆጠረው በእናት በኩል ነውና ኦዋሬ የእናቱ ወገኖች ንብረት ነው፤ አስከሬኑም የእነሱ ነው። ልጅ የአባቷ ወገን ስላልሆነች ፍሬማ በቀብሩ ቦታ አፍ የላትም። ሟቹ ራሱ በአንደበቱ ቦታ መርጦ ከሆነ ብቻ ነገሩ ይለወጣል። ፍሬማ ደግሞ አባቷ እዚሁ ኩማሲ፣ ታፎ መቃብር፣ ከእናቷ አጠገብ እንዲያርፍላት አጥብቃ ፈልጋለች። በእሑድ እሑድ በትሮትሮ ሚኒባስ ሄዳ ልታየው። ሌላ ማን አላት? አባቷ ምን ይፈልግ እንደ ነበር ግን አታውቅም። አንድ ቀን «ከእናትሽ ጎን አድርጉኝ፣ ብቻዋን ሆና የምትጨቃጨቀው ሰው አጥታለች» ይላል፤ ሌላ ቀን «ጎአሶ፣ የአጎቴ የካካዎ ጥላ ሥር ነው የምተኛው» ይላል። ሳቅም ቁም ነገርም ነበር፤ አይለይም።

በኦዋሬ ግቢ፣ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው ተቀመጡ። የወገኑ አለቃ ኦፓኒን አንኮማ፣ የሟቹ የአክስት ልጅ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

«አቺያ ነግራናለች። ወንድሜ ደውሎ አናግሮሻል። መኪና ይዘን የመጣነው ወደ ጎአሶ ልንወስደው ነው። ግን የሟችን ቃል ረግጠን የምናልፍ ሰዎች አይደለንም። ከሚስቴ ጎን ብሎሽ ከሆነ ከሚስቱ ጎን ነው። የሰማሽውን ንገሪን፣ እኛ አንከራከርሽም።»

ሁሉም ዓይን እሷ ላይ ሆነ። አንዲት ቃል ናት። ከእናትሽ ጎን አለኝ ማለት ብቻ። ምናልባትም ያለው ይህንኑ ይሆናል። ምናልባት እውነት ይሆን ነበር።

«አልሰማሁትም፣ ናና» አለችው፣ ሽማግሌ በሚከበርበት አጠራር።

«እንዴት? አልደወለም እንዴ?»

«ደውሏል። ማሽኑ ተቀብሎታል። እኔ ሳልሰማው ማሽኑን ወደ ኋላ መለስኩት፤ መልእክቱም አብሮ ሄደ። በገዛ እጄ ነው ያጠፋሁት።»

ከወገኖቹ ጋር የመጣችው አሮጊት አክስቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ወደ ኋላ መለስኩት ካልሽ ወደ ፊት መልሺዋ! ይሄ ደግሞ ምን ያለው ጉድ ነው!»

«ወደ ፊት አይሄድም፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ምኑን ተማርሽው?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ኦፓኒን አንኮማ ግን አልሳቀም። ፍሬማን ትኩር ብሎ አያት።

«ከእናትሽ አጠገብ አለኝ ብትይ ኖሮ አምንሽ ነበር» አለ። «መኪናውን ባዶውን ይዤ እመለስ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ናና።»

«ታዲያ ለምን አላልሽም?»

«ቃሉን አንዴ አጠፋሁበት። አሁን ደግሞ የራሴን ቃል አፉ ላይ ላድርግበት?»

ሰውዬው ተነስቶ ጭንቅላቷ ላይ እጁን ጫነ። «አንቺ የኦዋሬ ልጅ ነሽ» አላት። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ «እንግዲህ የእኛ ነው፤ እንወስደዋለን» አለ።

ወሰዱት። የተቀበረው እንደ አገሩ ልማድ ከሳምንታት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጎአሶ ውስጥ ነው። ሚስተር ኳርቴይ በድርጅቱ አውቶቡስ ሠራተኞቹን ይዞ መጣ፤ እጇን ጨብጦ መልቀቅ አቃተው። «አላወቅኩም እኮ፣ ፍሬማ» አላት። «እኔም አላወቅኩም» አለችው። ልትቆጣው ሞክራ ነበር፤ ቁጣው ዞሮ ዞሮ ራሷ ላይ ሲያርፍባት ተወችው። ያን ቀን ሁሉ አላለቀሰችም። ሴቶቹ አንጀቷ የደረቀ ነው እያሉ ያንሾካሹኩ ጀመር።

ማታ ላይ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ከማሜ አቺያ ጋር ወንበር እየደራረቡ ሳለ፣ ፍሬማ ጠየቀቻት።

«ምንም አልሰማሽም? ከበሩ ውጭ ሆነሽ፣ አንዲት ቃል እንኳ?»

«ቃሉን አልሰማሁም፣ ልጄ። ዋሽቼ ምን አደርግልሻለሁ? ታክሲው ሲመጣ በሩ ላይ ቆሜ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ብቻ ሳቀ።»

«ሳቀ?»

«ሳቀ እንጂ! ደረቱን ይዞ፣ እያሳለው፣ ከት ብሎ ሳቀ። እኔማ ለጊዜው አንስተሽለት መስሎኝ ነበር።»

ፍሬማ የያዘችውን ወንበር መሬት ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ጠፋብኝ ብላ የተቃጠለችው ለመቃብር ቦታ ነበር፤ የአባቷ የመጨረሻ ሳቅ አብሮ መጥፋቱ ገና አሁን ገባት። ማሜ አቺያ አጠገቧ ተንበርክካ አቀፈቻት፤ ያን ጊዜ ነው ጮኻ ያለቀሰችው።