በሦስት ጀርባ የታዘለው

ሐሰተኛ በአፉ ቢያመልጥ በእግሩ ይያዛል፤ ሐሰተኛውን በይሉኝታ ያቀፈ ሰውም ከኀፍረቱ ድርሻውን ያነሣል። የኋለኛውን የምመሰክረው በራሴ ላይ ነው።

ያደግንበት መንገድ ከሳሙና ፋብሪካው በስተኋላ ነበረ። በግራና በቀኝ አርባ ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ተደርድረውበታል፤ ግድግዳቸው ከመሳሳቱ የተነሣ አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሦስተኛው ቤት «ይማርህ» ይል ነበር። የውሃ ቧንቧው አንድ፣ መጸዳጃው ሁለት ነበረ፤ ከሁለቱ አንዱ ዘወትር እንደ ተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ እስኪፈርስ ድረስ አልታወቀም። ፋብሪካው ሞራ በሚያቀልጥበት ቀን ሽታው ልብሳችን ውስጥ ገብቶ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለን ስለ ነበር፣ መምህራችን የእኛን መንገድ ልጆች ስም መጥራት አያስፈልገውም፤ መገኘት አለመገኘታችንን በአፍንጫው ያውቅ ነበር።

መንገዱን በመካከሉ የሚያቋርጥ ቦይም ነበረ። ከፋብሪካው የሚወጣው ትኩስ እጣቢ ይወርድበታል። በአምስት ዓመቴ ወድቄበት ታላቅ እኅቴ ዘልላ ገብታ አወጣችኝ። እኔ ጫማዬን ብቻ አጣሁ፤ የእርሷ ቁርጭምጭሚት ግን ተቀቅሎ ጠባሳው እስከ ዛሬ አልጠፋም። እትዬ እላታለሁ። ይህን ያስቀደምሁት በኋላ የፈጸምሁት በደል ክብደቱ እንዲታወቅ ነው።

ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት መንገዱ እንዲፈርስ ተወሰነ። በመጨረሻው ዓመት ፋብሪካው ተዘግቶ፣ ቦዩም በሳንቃ ተሸፍኖ ሳለ፣ ከከተማው የቤቶች ጽሕፈት ቤት አንድ ጎልማሳ ሜትርና ደብተር ይዞ መጣ። ባለሜትሩ አልነው። ቤቱን ሁሉ ለካ። ሰው ደግሞ ሊፈርስ ያለ ቤቱ ሲለካ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ እያንዳንዱ ቤት ሻይ እያቀረበ፣ እዚህ ጋ ልጄ ዳዴ አለ፣ እዚያ ጋ ባሌ ወደቀ እያለ የዕድሜውን ሁሉ ተረከለት። ባለሜትሩም የክፍሉን ስፋት በአንዱ ገጽ፣ ታሪኩን በሌላው ገጽ ይጽፍ ነበር። ሰው አክባሪ መስሎን መረቅነው።

ከዚያም ወደ ከተማው ዳር ተበተንን። በመንገዳችን ላይ ዐሥራ ሁለት ፎቅ ቆመ። የሕንፃው ባለቤቶች መሬቱን ካገኙ በኋላ ደግሞ መወደድ አማራቸው። ከፋብሪካው የጭስ ማውጫውን ብቻ ለጌጥ አስቀርተው፣ በግርጌው ያነጠፉትን የእግር መንገድ «የትዝታ ጎዳና» አሉት። ቀጥለውም ከምድር ቤቱ ሱቆች አንዱን፣ ልጅነቱን በመንገዱ ላሳለፈ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ሊሰጡ ዐወጁ። ተወዳዳሪው ነባር ምስክሮች ማቅረብና በኮሚቴ ፊት ትዝታውን መናገር ነበረበት።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች፤ ጉልበቷ ታሟል፤ ሱሪ ለማሳጠር አራት ፎቅ የሚወጣ ደንበኛ ደግሞ አልተፈጠረም። «ይቺን ሱቅ ካገኘሁ እሠራለሁ» አለችኝ፤ «ካላገኘሁ መኪናዋን እሸጣታለሁ። ዝም ብላ ስታየኝ አልወድም።» የስፌት መኪናዋን ማለቷ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ከዋናው አስፋልት በኩል ገብተን በአዳራሹ በር ላይ እንደ ቆምን፣ ቦርጩ ቀድሞት የመጣ አንድ ሰው ዘልሎ ዐቀፈኝ።

«ወንድሜ! ረሳኸኝ እንዴ? የእናንተን በር ጎል አድርገን ኳስ ስንራገጥ፣ እናትህ በመጥረጊያ ሲያባርሩን!»

እናታችን ይህን ለባለሜትሩ ሻይ እየቀዳች ስትነግረው እኔ አጠገቧ ነበርሁ።

«ባለሜትሩ አይደለህም?» አልሁት።

«እሱማ ነኝ! በዐሥር ዓመቴ ከመንገዱ ወጣሁ፤ አድጌ ተመልሼ የእናቴን ቤት በገዛ እጄ ለካሁ። እስቲ ይኼ ዕጣ ነው?» እንባውን ጠረገ። «አስታወስከኝ አይደል?»

እውነቱ አንድ ቃል ነበረ። ነገር ግን ሰውዬው ዐቅፎኛል፣ ያለቅሳል፣ ሰዎችም ያዩናል። «እንዴት እረሳሃለሁ!» አልሁ።

እትዬ ሸሚዜን ጎተተችኝ። «ማነው እሱ?»

«የሰፈር ልጅ ነው።»

«የቱ ሰፈር?»

የተጎተተውን ሸሚዜን አስተካከልሁ።

ለእትዬ ሊመሰክሩ የመጡ ሦስት ባልቴቶች ነበሩ፤ አጣቢዋ፣ ዳቦ ሻጯና አዋላጇ። ባለሜትሩ ከእኔ ወደ እነርሱ አለፈ። ከአጣቢዋ ጉልበት ላይ ወድቆ «እማማ! ያዘሉኝን ጀርባ ልሳመው!» አላት። አጣቢዋ ግራ ገባት፤ ያዘለችውን ልጅ የረሳች እንዳትባል ግን «ውይ ልጄ! ከብደኸኝ ነበር እኮ» አለች። ዳቦ ሻጯ ከጓደኛዋ ማነስ አልፈለገችም። «ከሷ ስትወርድ እኔ ጋ ነበር የምትመጣው» አለች። አዋላጇ ሁለቱን ጎን ለጎን አየቻቸው። «መቼም መጀመሪያ ያየሁህ እኔ ነኝ፤ እኔ ሳላዋልድህ እነዚህ ምኑን ያዝሉት ነበር?» አለች። እርሱ የለመነው ጀርባ ብቻ ነበር፤ እርሷ ልደትም ጨመረችለት።

ከኮሚቴው ሦስት አባላት አንዱ ጸሐፊ ነበረ። ሰብሳቢው የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሦስተኛዋ ጎዳናውን የነደፈች ወጣት ናት፤ መሐረቧን አስቀድማ አዘጋጅታለች። መጀመሪያ እትዬ ተጠራች።

«ከልጅነትዎ ምን ያስታውሳሉ?» አላት ሰብሳቢው።

«ሽታውን።»

«የምን ሽታ?» አለች ነዳፊዋ ብዕሯን አንሥታ። «የአበባ?»

«የሞራ።»

ብዕሩ ወረደ። «ደስ የሚል ነገርስ?» አለ ሰብሳቢው።

እትዬ ቅን ሰው ናትና አሰበች። «አንድ ቀን ውሃ ሳይሄድ ዋለ።»

«መቼ ነበር?»

«እሱን አላውቅም። አንድ ቀን ነው።» ከዚያም ትዝታ ይፈልጋሉ መስሏት ቀሚሷን ከፍ አድርጋ የቦዩን ጠባሳ አሳየቻቸው። ነዳፊዋ ፊቷን አዞረች። ሰብሳቢው አመሰገናት፤ ባልቴቶቹም ለእትዬ እውነቱን፣ ለባለሜትሩ ደግሞ ጀርባቸውን መሰከሩ። እኔንም ሲጠይቁኝ «ሁለቱም የሰፈር ልጆች ናቸው» አልሁ፤ በጠዋት ያልሁትን በቀን ማጠፍ አፍሬ።

ባለሜትሩ ሳይጠራ ተነሣ።

«ድሆች ነበርን» አለ፤ «ድሆች መሆናችንን ግን አናውቅም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር» አለች እትዬ ከኋላ።

«አንዱ ቤት ሲያስነጥስ ሦስተኛው ቤት ይመርቅ ነበር! ፍቅር እንጂ ግድግዳ አልነበረንም! ከደስታችንም ብዛት መራመድ አይበቃንም ነበር፤ ትልቁም ትንሹም መንገዱ መካከል ሲደርስ እንደ እምቦሳ ይዘል ነበር!»

ነዳፊዋ መሐረቧን አረጠበች። «ይቺ ግድግዳ ላይ ትጻፍ» አለች። ሰብሳቢው ሰዓቱን ተመልክቶ፣ ሱቁን በሩ ላይ ቆመን፣ ፎቶግራፍ እየተነሣን እናስረክባለን አለ። ለማን እንደሚያስረክብ መናገር አላስፈለገውም፤ የባለሜትሩን ክንድ ይዟል።

ስንወጣ እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «መኪና የሚገዛ ሰው ታውቃለህ?» አለችኝ። ቁጣ ቢኖርባት እችለው ነበር፤ የዋጋ ጥያቄ እንጂ ቁጣ አልነበረባትም።

ሱቁ በትዝታው ጎዳና ላይኛው ጫፍ ነበር። መንገዳችን ከፈረሰ ወዲህ ማናችንም በዚያ አልረገጥንም። ሰብሳቢውና ባለሜትሩ ቀደሙ። ነዳፊዋ ወደ ኋላዋ እየተራመደች ፎቶግራፍ ታነሣለች። ባልቴቶቹ በተራ ተከተሉ፤ እትዬና እኔ ከሁሉ በኋላ ነበርን። ንጣፉ እንደ መስተዋት የለሰለሰ ነው፤ እንኳን ቦይ ስንጥቅ የለበትም። በጭስ ማውጫው ትይዩ ስንደርስ ባለሜትሩ እጁን እያወናጨፈ ቀጥ ብሎ አለፈ። አጣቢዋ ምርኩዟን ተክላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ዘለለች። ዳቦ ሻጯ ዘለለች። አዋላጇ ዘለለች። እትዬ በታመመ ጉልበቷ፣ ቦርሳዋን በደረቷ ይዛ ዘለለች። እኔም ዘለልሁ።

ነዳፊዋ ቆመች። «ምን ሆናችሁ ነው የምትዘሉት?»

«ማን ዘለለ?» አለች አጣቢዋ ተቆጥታ።

«እርስዎ።»

«እኔ? በዚህ ጉልበቴ? ልጄ፣ ብታሾፊ በእኩያሽ አሹፊ።»

ነዳፊዋ ካሜራውን አዞረችላት። አጣቢዋ በአየር ላይ ነበረች፤ ምርኩዟም አብሮ። ቀጣዮቹ ሥዕሎች የሌሎቻችንን አሳዩ። እርስ በርሳችን ተያየን። እትዬ ወደ ጭስ ማውጫው ቀና አለች፤ ወደ እግሯም አቀረቀረች።

«ቦዩ ነዋ» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ጋ ነበረ።»

ሰብሳቢው ብልህ ሰው አልነበረም፤ መቁጠር ግን ያውቃል። «ታዲያ እሳቸው ለምን አልዘለሉም?» አለ።

ሁላችንም ዞርን። ባለሜትሩ ፈገግ አለ። «ዘልያለሁ እኮ! ቀስ ብዬ ነው።»

«ቀስ ተብሎ የሚዘለል ቦይ የለም» አለች አጣቢዋ። «ቀስ ያለ እግሩ ይቀቀላል።»

«ትልቁም ትንሹም ይዘል ነበር ብለው ነበር» አለች ነዳፊዋ ማስታወሻዋን እየገለጠች። «ከደስታ ብዛት።»

«የምን ደስታ አመጣሽብን! ከፈላ ውሃ ስንሸሽ ነው እንጂ» አለች ዳቦ ሻጯ።

ነገሩ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ባለሜትሩ ሊለካ የመጣው ቦዩ በሳንቃ ከተሸፈነ በኋላ ነበር። እኛም በሳንቃው ላይ እንዘል ነበር፤ እግር እንደ ጽሕፈት ቤት በአንድ ደብዳቤ ልማዱን አይቀይርም። እርሱ ሲያየን ለምን እንደምንዘል ያልጠየቀው፣ ድሀ ያለ ምክንያት ደስ ይለዋል ብሎ ስላመነ ነው። በደብተሩም እንደዚያው ጻፈ።

«ቆይ፣ ላሳያችሁ!» አለ ባለሜትሩ። ተንደርድሮ ስድስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ተመለሰና ከአበባው መደብ አጠገብ በሁለት እግሩ ዘለለ።

አዋላጇ በሐዘን አየችው። «ልጄ፣ እዚያ እኮ መጸዳጃው ነበር።»

ሳቁ ሲበርድ ድርሻዬ ተራውን ጠብቆ ቆሞ አገኘሁት። «አላውቀውም» አልሁ ለሰብሳቢው። «ይዞት የመጣውን ሜትር እንጂ ልጅነቱን አይቼ አላውቅም። ስላለቀሰ አፍሬ ነው አውቀዋለሁ ያልሁት።»

«ይኸን ጠዋት ብትለው ምን ነበረበት?» አለች እትዬ።

«እኔም አላዘልኩትም» አለች አጣቢዋ። «ረስቼው ይሆናል ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ አንቺ ካዘልሽው ብዬ!» አለች ዳቦ ሻጯ።

አዋላጇ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሲወለድ ሁሉም ይመሳሰላል» አለች በመጨረሻ።

ሱቁ ለእትዬ ተሰጠ። መኪናዋ በመስኮቱ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ዞራ ትሠራለች፤ ሱሪ የሚያሳጥረውም ብዙ ነው። የግድግዳው ጽሑፍ ግን ትእዛዙን የሻረ ሰው ስላልነበረ ተቀርጾ ቀረ፤ መንገደኛው ያነበዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ቀጥ ብሎም ያልፋል። ባልቴቶቹ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ቃላቸውን አነሡ። እትዬ እኔን አርባ ቀን አላነጋገረችኝም፤ በአርባ አንደኛውም ቀን የነገረችኝ መርፌ እንድገዛላት ነበር።

ባለሜትሩ በሐሰት ማስረጃ የሌላውን መብት ለመውሰድ በመሞከሩ ተከሰሰ፤ ደብተሩም በማስረጃነት ተያዘ። ከጽሕፈት ቤቱ ተሰናብቶ ሰባት ወር ታሰረ።