ድንጋዩ በማን አንገት

1

ግንቦት 11 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አዲስ በሚሠራው የእድር አዳራሽ ግቢ። ግንበኛው ጥላዬ እጁን አውጥቶ፣ «መሠረቱ አልጠለቀም፤ ግድግዳው ይሰነጠቃል» አለ። መምህር ልሳነወርቅ ብድግ ብሎ፦

«እኔ ከአራተኛ ክፍል ጋር አልከራከርም!»

አርባ ሦስት ሰው ሳቀ።

2

እነማን ሳቁ? ለጥላዬ ወረቀት ስጡት፤ አንድ ሳያስቀር ይጽፍላችኋል፣ የሚስቱን ወንድም ጨምሮ።

ለዚያ አራተኛ ክፍል ይበቃል።

3

ከዚያ ወዲያ ስሙ ጠፋ። ልጁን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች እንኳ መንገድ ላይ፣ «የአራተኛ ክፍል ቤት በየት በኩል ነው?» እያሉ ነው የደረሱት።

4

ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ቅጽ መጣ።

ጥናቱ፦ ሰላም፣ ግጭትና የሰው አእምሮ
ዋና ተመራማሪ፦ ዶ/ር ልሳነወርቅ
ጥያቄ 7፦ በደልን ለመርሳት ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብዎታል?
☐ ቀናት ☐ ወራት ☐ አንድ ዓመት

ሌላ ሣጥን የለም።

5

(በአዳራሹ ከተቀረጸው ቪዲዮ። ከዶክተሩ ጀርባ ግድግዳው ተሰንጥቋል።)

ዶክተሩ፦ ባህላዊ እርቅ እናሳያለን። በዳይ ሆኖ ድንጋይ የሚሸከም ሰው?

የእድሩ ዳኛ፦ (ወደ ጥላዬ እየጠቆመ) እሱ ይሁና! ግንበኛ ነው፣ ድንጋይ ለምዷል።

(ሳቅ።)

ጥላዬ፦ ተበዳዩስ ማነው?

ዶክተሩ፦ እኔ።

ጥላዬ፦ አንተ?

ዶክተሩ፦ ለማስመሰል እኮ ነው፣ ጋሼ።

ጥላዬ፦ ልሳነወርቅ፣ አላወቅኸኝም?

ዶክተሩ፦ ይቅርታ... ማን ልበል?

ከኋላ፦ አራተኛ ክፍል ነው እንጂ!

ዶክተሩ፦ (እየሳቀ) ምን ዓይነት ስም ነው! ማን አወጣልዎት?

6

እዚህ ላይ እኔም፣ ጸሐፊው፣ ንዴቴን መደበቅ አቃተኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይህን እረኛውም ያውቀዋል። ሰውዬው ግን የሰው አእምሮ አጥንቶ፣ ተመርቆ፣ ካባ ለብሶ፣ የራሱን ጦር አላወቀውም!

7

ጥላዬ ድንጋዩን አነሣ። አንገቱ ላይ አደረገ። ወንበር ላይ በተሰየመው ዶክተር ፊት ጎንበስ አለ።

«በሉ እንግዲህ፣ ‹ስለ እግዚአብሔር ይቅር በለኝ› ይበሉ።» አለ ዶክተሩ።

«ካሜራው እየቀረጸ ነው፣ ጋሼ።»



ጥላዬ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደ። በዶክተሩ ጭን ላይ አስቀመጠው፤ በቀስታ፣ ውኃ ልኩን እንደሚጠብቅ ግንበኛ። እጁን አራገፈ።

«ኧረ ጋሼ! ወዴት ነው? ምን አጠፋሁ?»

አርባ ሦስቱም ያውቃሉ። ከሞቱት በስተቀር ሁሉም እዚያው ተቀምጠዋል። ጥላዬ ዞር ብሎ ሳያይ በሩን አልፎ ሄደ።

8

ጥያቄ 8፦ ስሙን ማን አወጣለት?

______________________